ከመመረቂያ እስከ መጀመሪያው ፋይል፦ በሐዋሳ ሥራ ለሚፈልጉ አዲስ የሕግ ምሩቃን የተዘጋጀ መመሪያ

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል የሕግ ባለሙያ ቅጥር ማስታወቂያ ሐዋሳ ውስጥ ሲለጠፍ፣ ለምዝገባ የሚቀርቡት አመልካቾች በወረቀት ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ሁሉም አምስት ዓመት ተምረዋል፤ ሁሉም የመውጫ ፈተናውን አልፈዋል፤ ሁሉም ኤክስተርንሺፕ (በፍርድ ቤትና በመሰል ተቋማት የሚደረግ የተግባር ልምምድ) ወጥተው ደብዳቤ ይዘው ተመልሰዋል፤ የብዙዎቹ የመመረቂያ ነጥብም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ቀጣሪው አመልካቾቹን መለየት የሚጀምረው የትምህርት ማስረጃቸውን ካየ በኋላ ነው። የሚፈልገውም ፋይል ሲሰጠው አንብቦ፣ የሚያከራክረውን ነጥብ ለይቶ፣ ኃላፊው ጥቂት አርሞ ሊፈርምበት የሚችል ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው ነው። ይህ መመሪያ በምርቃትና በመጀመሪያው ቅጥር መካከል ያለውን ጊዜ ለዚህ ችሎታ እንዴት ማዋል እንደሚቻል ያብራራል።

በሀገራችን የመውጫ ፈተና በሕግ ትምህርት በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ሌሎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ይህን አሠራር የተቀላቀሉት በ2015 ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናውን ማለፍ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን ከተሰጡ አማራጮች መካከል ትክክለኛውን መልስ መምረጥ የሚጠይቀው ዕውቀትና ለባለጉዳይ አቤቱታ መጻፍ የሚጠይቀው ዕውቀት ይለያያሉ። ባለጉዳይ ወደ ቢሮ ሲመጣ ይዞ የሚመጣው የተጨማደደ ውል፣ ሁለት ደረሰኝና መጀመሪያው ከመጨረሻው የተደባለቀ ረጅም ታሪክ ነው፤ የትኛው ፍሬ ነገር ለሕጉ እንደሚጠቅም የሚለየውም ባለሙያው ራሱ ነው።

ገበያው እንዴት እንደተለወጠ

ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀ ታላቅ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ የሚሰጧችሁን ምክር በአክብሮት ስሙ፤ በሐዋሳ የሥራ ገበያ ላይ ግን ያ ምክር በአብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ የክልል ቢሮዎች የሕግ ክፍሎች፣ የፍትሕ ቢሮውና የክልሉ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ የሚሠሩ ብዙ ምሩቃንን ይቀበሉ ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ተመሠረተ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀድሞው ክልል የቀረው ክፍል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተደራጀ። በዚህ ምክንያት በሐዋሳ የነበሩት የቀድሞው ክልል መሥሪያ ቤቶች እንደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭና ሆሳዕና ወዳሉ ከተሞች ሄደዋል፤ የሥራ መደቦቹም አብረዋቸው ሄደዋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በሲዳማ ክልል ፍርድ ቤቶችና ፍትሕ ተቋማት የሥራ ቋንቋው ሲዳሙ አፎ ሲሆን የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ክልል ዐቃቤ ሕግ፣ ረዳት ዳኛ ወይም የክፍለ ከተማ የሕግ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ምሩቅ ቋንቋውን እስከ መጻፍ ድረስ ማወቅ ይኖርበታል። በሠፈርና በገበያ መግባባት መቻል ብቻውን አይበቃም፤ ክስ፣ መልስ፣ መቃወሚያ፣ ብይን፣ ይግባኝና አፈጻጸም በሲዳሙ አፎ እንዴት እንደሚጻፉ ካላወቃችሁ ቋንቋውን አፍ የፈታችሁበት ብትሆኑም እንኳ በጽሑፍ ፈተናው ላይ ትቸገራላችሁ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ገብቶ መከታተልና የሰሙትን ቃል በማስታወሻ መያዝ ገንዘብ የማይጠይቅ ትምህርት ነው። የመሬትና የቤተሰብ ክርክሮች ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት በሶንጎ (በሲዳማ ባህላዊ ሸንጎ) ሽማግሌዎች ዘንድ መታየታቸውም የተለመደ ነውና፣ የዚያን ሥርዓት አካሄድ የሚያውቅ ምሩቅ ባለጉዳዩ የሚነግረውን ታሪክ ፈጥኖ ይረዳል።

ሲዳሙ አፎ የማያውቅ ሰው በሐዋሳ ምንም ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ የፌዴራል ተቋማት ቅርንጫፎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎችና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሠራሉ። ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎችም የሥራ ቋንቋቸው አማርኛ በመሆኑ ወደዚያ ለማመልከት ማቅማማት አያስፈልግም። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚጽፍ ምሩቅ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ የምትገኘውን ሻሸመኔን ከፍለጋው ውጭ ሊያደርጋት አይገባም። እዚህ ላይ አስተያየቴን ልግለጽ፤ ብዙ ምሩቃን ሐዋሳን ላለመልቀቅ ሲሉ ሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ይታያል። ሐይቁ ዳር መኖር ደስ ይላል፤ ነገር ግን በአንድ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት በዐቃቤ ሕግነት ያሳለፉት ሁለት ዓመት በሐዋሳ ከሚደረግ መጠባበቅ ይልቅ ወደ ሐዋሳ መልሶ የማምጣት ኃይል አለው።

ሰነዶችን አስቀድሞ ማስተካከል

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ የወጪ መጋራት ዕዳችሁን እስክትከፍሉ ድረስ በእጃችሁ የሚኖረው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ክፍያው ከወር ገቢ ቢያንስ 10 ከመቶ እየታሰበ የሚፈጸም ስለሆነ፣ የገባችሁትን ውል ቅጂ አስቀምጡ፤ ቀጣሪው ይጠይቃችኋል። ስማችሁ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፋይዳ መታወቂያ፣ በትራንስክሪፕትና በዲግሪ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደላት መጻፉን አሁኑኑ አረጋግጡ። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል ተለይቶ በመገኘቱ ምክንያት የፈተና ቀን ያለፈበት አመልካች ጥቂት አይደለም፤ እርማቱም በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ማስታወቂያዎች በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች፣ በኢትዮጆብስ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይወጣሉ። በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ ወይም ሰሌዳ ላይ ሳታመሳክሩ ለምዝገባ ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ዋናው ሥራ፦ በእጅ የሚታይ ጽሑፍ ማዘጋጀት

ከዚህ መመሪያ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ክፍል ባይረሳ እመርጣለሁ። በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ውስጥ የራሳችሁ የሆኑ፣ ተጽፈው፣ ታርመውና እንደገና ተጽፈው ያለቁ ጥቂት የሕግ ሰነዶች ይኑሯችሁ። የእውነተኛ ባለጉዳይ ምስጢር መጠቀም ክልክል ስለሆነ ጉዳዮቹን ራሳችሁ ፍጠሩ፤ ወይም ከታተሙ ፍርዶች ፍሬ ነገሩን ወስዳችሁ ስሞቹን ለውጡ።

ከክስ አቤቱታ ጀምሩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ክሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ ቁጥር 223 አብረው የሚቀርቡትን ማስረጃዎች ይመለከታል፤ «የቀረበው ክስ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው የመጨረሻ መስመር ደግሞ ከቁጥር 92 የመጣ ነው። እነዚህን ድንጋጌዎች በክፍል ውስጥ ያላነበበ የለም። ሆኖም ጀማሪ በሚጽፈው ክስ ውስጥ ሦስት ጉድለቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ሕጉን በረጅሙ መገልበጥ ሲሆን፣ ዳኛው ሕጉን ያውቃልና ገጹ የፍሬ ነገሩ መሆን አለበት። ሁለተኛው የማስረጃ ዝርዝሩ እያንዳንዱ ሰነድ ወይም ምስክር የትኛውን ፍሬ ነገር እንደሚያስረዳ አለመግለጹ ነው። ሦስተኛውና የከፋው የሚጠየቀው ዳኝነት ግልጽ አለመሆኑ ነው፤ «ፍርድ ቤቱ ተገቢውን ውሳኔ ይስጥልኝ» ተብሎ የሚያልቅ ክስ ስንት ብር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ በሚታሰብ ወለድ፣ ከማን እንደሚጠየቅ አይናገርም። ረቂቃችሁን ለሌላ ሰው ስጡና የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ይንገራችሁ፤ መናገር ካቃተው እንደገና ጻፉት።

ቀጥሎ በራሳችሁ ክስ ላይ የተከሳሽን መልስ ጻፉ። ይህ ልምምድ ከሁሉም ይልቅ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በክሱ ላይ ያለፋችሁትን ቀዳዳ ሁሉ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። በቁጥር 244 የተመለከቱትን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ሥልጣን፣ ይርጋ፣ ቀድሞ የተሰጠ ፍርድ እያላችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ፤ የማይሠራውን መቃወሚያ ግን ገጽ ለመሙላት ብላችሁ አታስገቡ። በሥረ ነገሩ ላይ መልስ ስትሰጡ ቁጥር 235 በጥቅሉ መካድን እንደማይቀበል አስታውሱ፤ በክሱ የተገለጸው እያንዳንዱ ፍሬ ነገር ለየብቻው መታመን ወይም መካድ አለበት።

ሦስተኛው ሰነድ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ከሁሉ አብዝቶ የሚፈልገው የሕግ አስተያየት ነው። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ መልሱ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ፤ ምክንያቱ ይከተል፤ በመጨረሻም ኃላፊው ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገረው። ለልምምድ የሚሆን አንድ ጉዳይ እነሆ፦ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ቤቱን በመያዣ አስይዞ ብድር ጠየቀ፤ በመያዣ ውሉ ላይ የሚስቱ ፊርማ የለም፤ እሱ ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተሠራ ነው ይላል፤ ባንኩ ብድሩን ይልቀቅ ወይ? ይህን ጉዳይ የሚጽፍ ምሩቅ በአብዛኛው ወዲያውኑ የሚጠቅሰው የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። ያ አዋጅ ግን የሚሠራው ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ በክልሎች የሚደነገግ ስለሆነ ለሐዋሳ ጉዳይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በክልሉ የሚሠራው ሕግ የትኛው ነው የሚለው ነው። ፈታኝ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አመልካች ካገኘ የቀረውን ጽሑፍ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በንግድ ሕግ ውስጥም አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከወጣ በኋላ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስለ ቼክ፣ ስለ ሐዋላ ወረቀትና ስለ ሌሎች ተላላፊ ሰነዶች የሚደነግገው የቀድሞው ሕግ ክፍል ግን እንደጸና ነው፤ የባንክ ፈተና ላይ ደግሞ ቼክ አይጠፋም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን አስገዳጅነት ይዞ ቀጥሏል። የታተሙትን ቅጾች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንበብ መነሣት ጉጉትን ከማድከም በቀር የሚያስገኘው ጥቂት ነው። አንድ ዘርፍ ምረጡ፤ ለምሳሌ ሥራ ክርክር፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ወይም የመያዣ ውል። ከእያንዳንዱ ውሳኔ የሰበር መዝገብ ቁጥሩን፣ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና የተሰጠውን ትርጉም በራሳችሁ አማርኛ በአምስት መስመር ጻፉ። በአንድ ዘርፍ እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ምሩቅ ለጠበቃ ቢሮ ወዲያውኑ ይጠቅማል።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ረቂቅ ለማሳጠርና የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለማረም ሊረዱ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያን ሕግ በተመለከተ ግን ያልተጻፈ አንቀጽና ያልተሰጠ የሰበር ውሳኔ በሙሉ ልብ የሚጠቅሱበት ጊዜ አለ። ዋናውን የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ በዓይናችሁ ሳታዩ ማንኛውንም ቁጥር በጽሑፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

በአማርኛ ፈጥኖ መተየብም የሙያው አካል ሆኗል። ጸሐፊ የሌለበት ቢሮ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት አሁንም በፓወር ግዕዝ ይሠራል፤ ሌላው ዩኒኮድ ይጠቀማል። ሁለቱንም ልመዱ።

የት ማመልከት ይሻላል

ዋና መሥሪያ ቤቱ በሐዋሳ የሆነው ሲዳማ ባንክም ሆነ የሌሎቹ ባንኮች የዲስትሪክት ቢሮዎች የሕግ ባለሙያ ሲቀጥሩ በቅድሚያ የሚፈትኑት በውል፣ በመያዣና በብድር አሰባሰብ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የተያዘለትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ የመያዣ ውልና የሐራጅ ማስታወቂያ ጽፎ የተለማመደ ሰው ለፈተናው ግማሽ መንገድ ሄዷል። በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እና ለውጭ ባንኮች በር የከፈተውን የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 አንድ ላይ ማንበብ ከሌሎች አመልካቾች ይለያችኋል።

በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገራት ከሰጠችው የቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል) ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ ብዙ ፈተና ገጥሞታል፤ በውስጡ ያሉት ፋብሪካዎች ግን እስከሠሩ ድረስ የሥራ ክርክር አያጡም። በዚያ የሚገኘው ሥራ በአብዛኛው «የሰው ሀብት ባለሙያ» የሚል ስም ስለሚይዝ የሕግ ምሩቃን ያልፉታል፤ እኔ ግን ባያልፉት እላለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በየቀኑ በሥራ ላይ የሚያውል ሰው የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ እንደሚታገድ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፋይል ይማራል። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት የሥራ መደቡ ዝርዝር ውል ማዘጋጀትን፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ማጣራትንና በሥራ ክርክር መቅረብን እንዲጠቅስ ጠይቁ፤ ያ ካልተጻፈ ኋላ ላይ ለጥብቅና ፈቃድ ስታመለክቱ እንደ ሕግ ሥራ ልምድ ላይቆጠርላችሁ ይችላል።

የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቅዷል፤ ፈቃድ ለማግኘት ግን ከዲግሪ በተጨማሪ በሕግ ሙያ የተገኘ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። የክልል ፈቃድ ደግሞ ለብቻው በክልሉ ሕግ የሚሰጥ ነው። በሐዋሳ ያሉት የጠበቃ ቢሮዎች በአብዛኛው በአንድ ሰው የሚሠሩ ናቸውና ማስታወቂያ አያወጡም። «ሥራ ካለ ብዬ ነው» ብሎ ሲቪ ትቶ መሄድ ምላሽ አያስገኝም። ከላይ ከተባሉት ሰነዶች ሁለቱንና አንዱን የሰበር ማስታወሻ ይዛችሁ ግቡ፤ ጠበቃው አሁን በያዘው ዘርፍ ላይ ጥናት ለመሥራት ጠይቁ። ያለ ክፍያ መሥራት ግድ ከሆነ ጊዜው በጽሑፍ ይወሰን፤ ለወራት በነጻ አገልግሎ በስንብት ደብዳቤ እንኳ ያልተሸኘ ወጣት በዚህች ከተማ ተፈልጎ አይታጣም።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የዩኒቨርሲቲው የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎትም ምሩቃን ከእውነተኛ ባለጉዳይ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። ክፍት ቦታ ጥቂት ነው፤ በበጎ ፈቃድ መግባት ግን ይቻላል።

ፈተናና ቃለ መጠይቅ

በጽሑፍ ፈተና ላይ ጭብጡን አስቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ፈታኙ ነጥብ የሚሰጠው መጀመሪያ ጭብጡን ለያችሁ ወይስ አልለያችሁም ብሎ ነው። በቃለ መጠይቅ የማታውቁትን ስትጠየቁ መልስ አትፍጠሩ። የትኛውን አዋጅ ከፍታችሁ፣ የትኛውን የሰበር ዘርፍ ፈትሻችሁ፣ ማንን ጠይቃችሁ መልሱን እንደምታገኙ ተናገሩ። «እራስህን አስተዋውቅ» ሲባል የልደት ቦታና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ከመቁጠር ይልቅ ስለጻፋችሁት አንድ ሰነድ መናገር ውይይቱን ወደምታውቁት ሜዳ ይወስደዋል።

«ሰው ከሌለህ አትቀጠርም» የሚለውን ንግግር ሁሉም ሰምቶታል። ጨርሶ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ሆኖም በጽሑፍ ፈተና በሰፊ ልዩነት የመራን ሰው መጣል በጥቂት ነጥብ የበለጠን ሰው ከመጣል ይልቅ ይከብዳል፤ ቅሬታ የማቅረቢያ ጊዜም በየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለና ውጤታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። የሕግ ምሩቅ አቤቱታውን በቃል ብቻ አቅርቦ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

ቅጥር ሲገኝ

ለባለጉዳይ ውል የሚያነብ ሰው የራሱን የቅጥር ውል ሳያነብ መፈረሙ የተለመደ ሆኗል። ደመወዙ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ፣ የሙከራ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ፣ ከሥራ ሲለቁ ስንት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ሥልጠና ከተሰጠ የአገልግሎት ግዴታ እንዳለው አጣሩ። ከግል ቢሮ የሚገኝ የሥራ ልምድ በኋላ በሌላ ቀጣሪ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዛችሁ በፔሮል ይመዝገብ፤ ግብሩም ለገቢዎች መግባቱን ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋልና፣ ደብዳቤው «ሠርቷል» ብቻ ሳይል ክስና መልስ ማዘጋጀታችሁን፣ ውል መርምራችሁ አስተያየት መስጠታችሁን በየስሙ እንዲጠቅስ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ።